ኢድፋ፦ ስለ አምስተርዳሙ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኅዳር ሲቃረብ ወዳጆቼ እየደወሉ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ፤ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢድፋ ምንድን ነው?

በኔዘርላንድስ፣ አምስተርዳም ከተማ በየዓመቱ በኖቬምበር የሚካሄድ የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ነው። የተጀመረው በ1988 ነው። ዘጋቢ ፊልም ላይ ብቻ ከሚያተኩሩ ፌስቲቫሎች በዓለም ትልቁ እሱ ነው ይባላል። አስር ቀን ገደማ ይቆያል፤ ከ200 በላይ ፊልሞች ይታዩበታል። ኢድፋ የሚለው ስም የእንግሊዝኛው ስያሜ የመጀመሪያ ፊደላት ተገጣጥመው የመጣ ነው።

ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው አሊ ደርክስ ለ30 ዓመት ያህል መርታዋለች። በ2018 ሶሪያዊው ኦርዋ ኒራቢያ ተረከባት። እሱ በ2012 ደማስቆ ላይ ታስሮ የተፈታ ፊልም ሠሪ ነው። በ2025 ደግሞ ኢዛቤል አራቴ ፈርናንዴዝ ቦታውን ያዘች። ፕሮግራሙን ስታዩ ይህን አስታውሱ፤ እያንዳንዱን ፊልም ቁጭ ብሎ አይቶ «ይግባ» ያለ ሰው አለ።

ዘጋቢ ፊልም ማለት ያ በቴሌቪዥን የምናየው ዶክመንተሪ ነው?

ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ የሚጠይቁኝ የአገሬ ሰዎች ናቸው፤ ለምን እንደሆነም ይገባኛል። እኛ ዘንድ «ዶክመንተሪ ተሠራበት» ማለት ክስ እንደማለት ነው። የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ወፍራም የተራኪ ድምፅ፣ ጥፋቱን የሚያምን ሰው፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ። ከዚህ ውጪ የምናውቀው የአንበሳና የሚዳቋ ሩጫ ወይም የታሪክ ትምህርት ነው።

ኢድፋ ላይ እንዲህ ያለ ፊልም አያጋጥማችሁም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ተራኪ የላቸውም። አንዳንዱ አንድ ቃል አይናገርም። አንዳንዱ የአንዲት ሴት የስልክ ቪዲዮ ነው። አንዳንዱ ሠሪው ከራሱ አባት ጋር የሚያደርገው ጭቅጭቅ ነው። የሚያገናኛቸው ነገር አንድ ነው፤ የሚታዩት ሰዎችና የሚነገረው ጉዳይ ከእውነተኛው ሕይወት የተወሰዱ ናቸው። አቀራረቡ ግን የሠሪው ነው፤ እንደ ልብ ወለድ ሊጻፍ፣ እንደ ግጥም ሊቆራረጥ ይችላል።

ፕሮግራሙ ለምን እንዲህ የተዘበራረቀ ይመስላል?

መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። እኔም መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ሁለት ፊልም አይቼ «እነዚህ እንዴት አንድ ስም ይሰጣቸዋል?» ብዬ ነበር። ዛሬ የምወድለት ይህንኑ ነው። ለማስረዳት በሦስት ተከታታይ ዓመታት የዋናውን ውድድር ሽልማት የወሰዱትን ፊልሞች ላንሳ።

በ2022 ያሸነፈው «አፖሎኒያ፣ አፖሎኒያ» ነው። ዴንማርካዊቷ ሊያ ግሎብ አንዲትን ወጣት ሠዓሊ ለ13 ዓመታት ተከትላ ቀረጸቻት። ሠዓሊዋ በፊታችን ትጎለምሳለች፤ ትወድቃለች፤ ትነሣለች። ሠሪዋም አብራ ትለወጣለች። በዚህ ፊልም ዋናው ዕቃ ጊዜ ነው። በችኮላ አይሠራም፤ ገንዘብ ቢፈስስበትም አይፋጠንም።

በ2023 ያሸነፈው ደግሞ «1489» ይባላል። ሾጋካት ቫርዳንያን አርመናዊት ናት፤ ፒያኖ ተጫዋች እንጂ ፊልም ሠሪ አልነበረችም። በ2020 መከር፣ አርመንና አዘርባጃን ለ44 ቀናት በተዋጉበት የካራባህ ጦርነት፣ ለግዳጅ የሄደው ወንድሟ ጠፋ። ስልኳን አንሥታ ቤቷን መቅረጽ ጀመረች፤ እናቷን፣ አባቷን፣ መጠበቁን። 1489 ማንነቱ ላልታወቀ አስከሬን የተሰጠ ቁጥር ነው። መብራት የለ፣ የካሜራ ባለሙያ የለ። ልጁ ከግንባር ያልተመለሰ ቤተሰብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ፊልም ያለ ትርጉም ይረዳዋል።

በ2024 ያሸነፈው የፖላንዱ ማቼይ ድሪጋስ «ባቡሮች» ነው። አዲስ የተቀረጸ ምስል የለበትም። ከየአገሩ የፊልም መዝገብ ቤት የተለቀመ ጥቁርና ነጭ ምስል ብቻ ነው። ተራኪ የለም፣ ንግግር የለም። የፋብሪካ ሠራተኞች ባቡር ሲሠሩ፣ ሰው ተሳፍሮ ሲስቅ፣ ከዚያ ወታደር ሲጫን፣ ከዚያ ቁስለኛ ሲመለስ ታያላችሁ። ሃያኛው ክፍለ ዘመን በባቡር ሐዲድ ላይ ያልፋል። ሦስቱም ዘጋቢ ፊልም ናቸው፤ ሦስቱም አንድ ሽልማት ወስደዋል። ስልክ፣ የ13 ዓመት ትዕግሥት፣ የመዝገብ ቤት አቧራ።

የፕሮግራሙ ክፍሎች ስም ምን ማለት ነው?

ስሞቹ በየጊዜው ይጨመራሉ፣ ይቀነሳሉ። ዋና ዋናዎቹን ግን ማወቅ ይጠቅማል። ዓለም አቀፉ ውድድር ሁሉም የሚያወራለት ነው። «ኢንቪዥን» በ2021 የተጨመረ ሁለተኛ ውድድር ሲሆን፣ በአሠራራቸው አዲስ መንገድ የሚሞክሩ ፊልሞች ይገቡበታል። «ሉሚነስ» ላይ የሰውን ሕይወት ቀረብ ብለው የሚያዩ፣ ብዙ ጊዜ የቤተሰብና የግል የሆኑ ፊልሞች ታገኛላችሁ። «ፍሮንትላይት» ዓለምን የሚያንገበግቡ ጉዳዮችን ይዞ ይመጣል። «ቤስት ኦቭ ፌስትስ» በዚያ ዓመት ሌላ ፌስቲቫል ላይ የተወደዱ ፊልሞች ስብስብ ነው። «ፓራዶክስ» ዘጋቢ ፊልምና ሥነ ጥበብ የሚገናኙበት ጥግ ነው።

እኔ ከሁሉም በፊት የማየው የክብር እንግዳውን ክፍል ነው። በየዓመቱ አንድ ትልቅ ፊልም ሠሪ ይጋበዛል። የራሱ ሥራዎች ይታያሉ፤ ደግሞም የሚወዳቸውን አስር ፊልሞች ይመርጣል። በ2019 ቺሊያዊው ፓትሪሲዮ ጉዝማን፣ በ2020 ጣሊያናዊው ጃንፍራንኮ ሮዚ፣ በ2022 አሜሪካዊቷ ሎራ ፖይትራስ፣ በ2023 ቻይናዊው ዋንግ ቢንግ ነበሩ። አስሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ አሮጌ ናቸው፤ ሌላ ቦታ በትልቅ ስክሪን ማግኘት ይከብዳል። አንድ የሙያው ጌታ ከማን እንደተማረ የምታዩበት ዕድል ነው። ማስታወቂያው ላይ ትንንሽ ፊደል ስለሆነ ሰው ያልፈዋል፤ ያሳዝነኛል።

ከ200 ፊልም ውስጥ እንዴት ልምረጥ?

ሰው ሁሉ «ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ይጀምራል። ስለ ስደት፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ጦርነት። እኔ «እንዴት ነው የተሠራው?» ብላችሁ ጀምሩ እላለሁ። በርዕሰ ጉዳይ ብቻ ከመረጣችሁ ሦስት ፊልም አይታችሁ አንድ ዓይነት ነገር ሦስቴ የሰማችሁ ይመስላችኋል።

በአንድ ቅዳሜና እሑድ አራት ፊልም የምታዩ ከሆነ፣ አንዱ ዝም ብሎ የሚመለከት ይሁን፤ ቃለ ምልልስ የሌለው። አንዱ ከድሮ ምስል የተቀናበረ። አንዱ ሠሪው ስለ ራሱ ወይም ስለ ቤተሰቡ የሚናገርበት። አራተኛውን ምንም ሳታነቡ ግቡ። ለእኔ እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጡት አብዛኞቹ ይህ አራተኛው ናቸው። ደግሞ በቀን ከሦስት አትለፉ። አራተኛው ላይ ዓይን ያያል እንጂ ልብ አይቀበልም።

ደች አልችልም። ይገባኛል?

አዎ። ፊልሞቹ በየአገሩ ቋንቋ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ካልተናገሩ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አላቸው። የደች ሰብታይትል ሁሉም ላይ ስለሌለ፣ ደች ብቻ የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ገጹን ተመልከቱ። እንግሊዝኛ ማንበብ ለሚያደክመው ሰው እንደ «ባቡሮች» ያለ ንግግር አልባ ፊልም ፈልጋችሁ ውሰዱት። እናቴን ይዤ ብሄድ እንዲህ ያለውን ነበር የምመርጥላት።

የት የት ነው የሚታየው?

በከተማው ሁሉ ተበትኗል። የክብሩ ቦታ ቱሺንስኪ ነው። በ1921 የተከፈተ ሲኒማ ቤት ነው፤ ምንጣፉ፣ ጣራው፣ መብራቱ የቤተ መንግሥት ያህል ነው። ያሠራው አብርሃም ቱሺንስኪ ከፖላንድ የመጣ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ነበር። ናዚዎች ሲኒማ ቤቱን ቀሙት፤ በ1942 አውሽቪትስ ላይ ገደሉት። ስለ ስደትና ስለ ጦርነት የሚያወሩ ፊልሞች እዚያ አዳራሽ ሲታዩ ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ዝም እላለሁ።

ሌላው ከወንዙ ማዶ ያለው ነጩ የአይ ፊልም ሙዚየም ነው። ከማዕከላዊ ባቡር ጣቢያ ጀርባ የሚነሣው ጀልባ በነጻ ያሻግራል። ፌስቲቫሉ በቮንደል ፓርክ ውስጥም የራሱ ቤት አለው፤ እዚያ ዓመቱን ሙሉ ዘጋቢ ፊልም ይታያል። በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ከያዛችሁ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉ። ኅዳር ነው፤ ይዘንባል፤ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ይመሻል።

ልጆች ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ለእነሱ የተሠራ ውድድርም አለ። ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉትና ከ14 በላይ ለሆኑት ተለይቶ ይቀርባል። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ ባለታሪኮቹም ልጆች ናቸው። ከአዋቂዎቹ ክፍል ግን የዕድሜ ገደቡን ሳታዩ ልጅ አታስገቡ። እዚህ የሚታየው ሞት የተዋናይ ሞት አይደለም።

አራት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ማን ቁጭ ብሎ ያያል?

እኔ አይቻለሁ፤ አልጸጸተኝም። በ2021 ያሸነፈው «ሚስተር ላንድስበርጊስ» ከአራት ሰዓት በላይ ነው። ሊትዌኒያ ከሶቪየት ኅብረት እንዴት እንደወጣች ያሳያል። የዋንግ ቢንግ የቻይና ፋብሪካ ፊልም ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት ያልፋል።

ርዝመቱ የሚሰጠው ነገር አለ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሰዎቹ ጋር እንግዳ እንደሆናችሁ ትለያያላችሁ። ሦስት ሰዓት ላይ አረማመዳቸውን ታውቃላችሁ፤ ሻይ ሲቀዱ ስንት ስኳር እንደሚጨምሩ ታውቃላችሁ። ለቅሶ ቤት አንድ ቀን ደርሶ መመለስና ሠልስቱን አብሮ ማሳለፍ እንደሚለያየው ነው። ብቻ በልታችሁ ግቡ፤ እረፍት ይኖር እንደሆነም ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከፊልሙ በኋላ ያለው ጥያቄና መልስ ያስፈልጋል?

ቆዩ። ከቤት ሆኖ ማየትን የሚያስንቀው ይህ ነው። ሠሪው ቆሞ ይመልሳል፤ አንዳንዴ የተቀረጸው ሰው ራሱ ይመጣል። አሁን ስክሪን ላይ ያለቀሰችው ሴት አምስት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ ታያላችሁ። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሲጠፋ እጃችሁን አውጡ። «ካሜራውን ማጥፋት የፈለጋችሁበት ቀን ነበር?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ጥሩ መልስ ያመጣል።

ዶክላብ ምንድን ነው?

በ2007 የተጀመረ ክፍል ነው። ፊልም ከመመልከት አልፎ የምትገቡበት ሥራ የሚቀርብበት ነው። ምናባዊ ዓለም ውስጥ የሚያስገባ የቪአር መነጽር፣ በድምፅ ብቻ የሚነገር ታሪክ፣ ተመልካቹ ራሱ የሚያንቀሳቅሰው ድረ ገጽ። የተወሰኑት ይገርማሉ፤ የተወሰኑት ቴክኖሎጂው ታሪኩን የበላባቸው ናቸው። ጊዜ ካላችሁ ሂዱ፤ ከሌላችሁ አይቆጫችሁ።

ስለ ኢትዮጵያ ፊልም አለ?

በየዓመቱ ይኖራል ማለት አልችልም። ግን ከእኛ ታሪክ የወጡ ዘጋቢ ፊልሞች በዓለም ፌስቲቫሎች ላይ ቦታ እያገኙ ነው። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳይ» በ2021 በአሜሪካው የሳንዳንስ ፌስቲቫል ታይቶ፣ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ ኒዮን ከተማ በሚካሄደው የዘጋቢ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ሐረርንና ጫትን በጥቁርና ነጭ ያሳያል፤ ሕልም የሚመስል ፊልም ነው። የታማራ ዳዊት «ፋይንዲንግ ሳሊ» በ2020 ወጣ። ኢሕአፓ ገብታ የጠፋችውን አክስቷን ትፈልጋለች፤ ቤተሰቡ ለብዙ ዘመን ዝም ያለበትን ጉዳይ ትከፍታለች። ሁለቱን ያላየ ይፈልጋቸው።

ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ አገራችሁን ብቻ ፍለጋ አትሂዱ። በ2020 ኢድፋን ያሸነፈው የኢራናዊቷ ፊሩዜህ ኾስሮቫኒ ፊልም ስለ አባቷና ስለ እናቷ ነው። አባቷ ዓለማዊ ሐኪም፣ እናቷ ሃይማኖተኛ። አብዮቱ ሲመጣ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እናትየው ሳትሸፈን የተነሣቻቸውን ፎቶዎች ትቀዳድዳለች። እሱን ሳይ ያሰብኩት በቀይ ሽብር ጊዜ ፍተሻ ሲመጣ መጽሐፍና ፎቶ ምድጃ ውስጥ የከተቱትን ቤተሰቦች ነው። ስለ እኛ አንድ ቃል አልተነገረበትም።

ፊልም እየሠራሁ ነው። እንዴት ልግባ?

በድረ ገጹ ላይ በየዓመቱ የማመልከቻ ጊዜ ይከፈታል። ለውድድር ከሆነ ፊልሙን ቀድማችሁ ዩቲዩብ ላይ አትልቀቁት። ዋናዎቹ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ያልታየ ፊልም ይፈልጋሉ፤ ብዙ የአገራችን ወጣቶች ዕድላቸውን የሚያጡት እዚህ ጋ ነው።

ያላለቀ ፊልም ላላቸው ሁለት በሮች አሉ። አንዱ በ1998 በደች ፊልም ሠሪው ያን ፍሬይማን ስም የተቋቋመውና ዛሬ ኢድፋ በርታ ፈንድ የሚባለው ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከላቲን አሜሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ለሚመጡ ሥራዎች ገንዘብ ይሰጣል። ሌላው ከ1993 ጀምሮ ያለው «ፎረም» ነው። ሠሪው ከቴሌቪዥን ጣቢያዎችና ከገንዘብ ሰጪዎች ፊት ቀርቦ በጥቂት ደቂቃ ሐሳቡን ያስረዳል። እዚያ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ለምን አንተ?» ነው። ከባለታሪኩ ጋር ያላችሁን ቅርበት በአጭሩ መናገር ተለማመዱ።

ፌስቲቫሉ ለምን ፖለቲካ ውስጥ ይገባል?

መውጫ ስለሌለው። በ2023 የመክፈቻው ምሽት ስለ ጋዛ የተቃወሙ ሰዎች የፍልስጤም መፈክር ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። ፌስቲቫሉ በኋላ መፈክሩን ተቃወመ፣ ይቅርታም ጠየቀ። አንዱ ወገን በመፈክሩ ተቆጣ፤ ሌላው በይቅርታው። በርካታ ሠሪዎች ፊልማቸውን አውጥተው ሄዱ።

እኔ ከዚያ የተረዳሁት፣ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም የሚያቀናብር ሰው ሁሉንም የሚያስደስት መግለጫ ሊጽፍ እንደማይችል ነው። ከጦርነት የመጣ ሰው ፊልሙን ሲያሳይ ጦርነቱን ደጅ ትቶት አይገባም። የተበሳጨ ተመልካች ፊልሞቹን አይቶ ቢበሳጭ እመርጣለሁ።

የተቀረጹት ሰዎች ምን ያገኛሉ?

ይህ ሠሪዎቹን እርስ በርስ የሚያጨቃጭቅ ጥያቄ ነው። የቆየው ልማድ አለመክፈል ነው፤ ክፍያ የሰውን ንግግር ያጣምማል ተብሎ። በሌላ በኩል ሠሪው ሽልማት ሲወስድ ባለታሪኩ እዚያው ጎጆው ውስጥ መቅረቱ ብዙዎችን ይከነክናል፤ እኔንም። የፈቃድ ወረቀት ማስፈረም ቀላል ነው። ፈራሚው ፊልሙ በይነመረብ ላይ ለዘላለም እንደሚኖር፣ ጎረቤቱና የልጅ ልጁ እንደሚያዩት ገብቶታል ወይ የሚለው ነው ከባዱ። ጥያቄና መልሱ ላይ «ባለታሪኮቹ ፊልሙን ከእኛ በፊት አይተውታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ስለ ሠሪው ብዙ ይነግራችኋል።

ታዲያ ዘጋቢ ፊልም እውነት ነው?

ምስሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ምስል የሚመርጠው ግን ሰው ነው። ለዚህ ከኢድፋ በፊት የነበረ፣ የራሳችን የሆነ ምሳሌ አለ። በ1973 እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ ረሃቡን ቀረጸ። ፊልሙ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ ሕዝቡ አዝኖ እርዳታ አዋጣ።

በዓመቱ ያው ምስል አዲስ አበባ ላይ ታየ። ደርግ የረሃብተኞቹን ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ ከሚያሳይ ምስል ጋር እያፈራረቀ አስቀጥሎ አቀረበው። ቀኑ የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.። ረሃቡ እውነት ነበር። ግብዣውም እውነት ነበር። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው የአቀናባሪው መቀስ ነው። በማግሥቱ ጃንሆይ ከሥልጣን ወረዱ፤ በትንሽ ቮልስዋገን ተሳፍረው ከቤተ መንግሥቱ ወጡ።